ሞተሩ ይቅር

ከማዶ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰዓድ፣ ጋምቤላ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም፣ ባለቤቴ ኛሬአትም፣ ልጃችንም በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። እናትህን፣ እህቴን ሰውዳን፣ አላህ ጤናዋን ያብዛልኝ። አንተንም ከወጣህበት በሰላም ይመልስህ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ኳች ይባላል። የማታር ሰው ነው፣ ጀልባ አለው። አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በወር የድንበሩን ወንዝ ይሻገራል። እዚህ ስልክ ከጠፋ ቆይቷል። ምሰሶው ቆሟል፤ አሞራ ያርፍበታል። መልስህን ለኳች ስጠው፤ ቢዘገይም አትናደድበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወፍጮዬ ሞተር ተሰነጠቀ። አስበየድነው፣ አልያዘም። ከተማው ውስጥ ሌላ ወፍጮ ስለሌለ ሴቶቹ ወደ ሙቀጫ ተመልሰዋል። ይህ ብቻ ቢሆን አላስቸግርህም ነበር። ባለፈው ሳምንት የከተማው ሹም ከውጭ የመጣነውን ነጋዴዎች ሰብስቦ፣ «ዝናብ ሳይጥል ወደየአገራችሁ» አለን። እኔን ለይቶ ጠራኝና፣ «አንተን ሕዝቡ ይፈልግሃል። ወፍጮህ ከፈጨ ትቆያለህ። ካልፈጨ አንተም ነጋዴ ነህ» አለኝ።

የኛሬአት ወንድሞችም ሰምተው መጡ። ትልቁ፣ ዊዩዋል፣ ውኃ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «አንተን ካስወጡህ እኛ ምን እናደርጋለን? እህታችንና ልጅዋ ግን ሰው ወደማያውቁበት አገር አይሄዱም» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። ልጄ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም። እኔ ፈይዛ እላታለሁ፤ እነሱ ኛኬር ይሏታል።

ስለዚህ ጋምቤላ አሮጌው ወፍጮ ቤቴ ውስጥ የተቀመጠውን ሞተር አምጣልኝ። መብራት ከገባ ወዲህ ሥራ ፈታ እንጂ ደህና ነው። እኔ ልውሰደው ብዬ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ማታር ድረስ አድርስልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ኳች ያሻግረዋል። ነፍስህን ጠብቅ። ዝናቡን ግን ቅደመው።

አጎትህ ፈረጅ


ጋምቤላ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለፈረጅ

ወዓለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ። እናቴን በጣም ናፍቀዋታል፤ በየሶላቷ ታነሣዎታለች። ኛሬአትን እህቴን፣ ፈይዛንም ሳሙልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ኳች በር ላይ ቆሞ ትክ ብሎ አየኝና፣ «አንተ ሰዓድ። ፊት የአጎት ነው። አጎት ግን ወፍራም» አለኝ። እናቴ ይህን ሰምታ፣ «ወፍሯል? አልሐምዱሊላህ!» ብላ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ሞተሩን አየሁት። አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች እንጂ ይሠራል። አስነሥቼዋለሁ። የአይሱዙ ሾፌሮችን ለመንኩ፤ ከኢታንግ ወዲያ የሚሄድ የለም። ድልድዩ ፈርሶ እንጨት ተረብርቦበታል፤ የሚያልፈው እግረኛና ሞተር ሳይክል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በማመላልስበት በራሴ ሞተር ልጭነው ብዬ፣ በያጁን ዲዩን ከመቀመጫዬ ኋላ ረጅም ፖርቶመጋላ ሥራልኝ አልኩት፤ ሞተሩ ተመቻችቶ እንዲተኛ። ዲዩ እየበየደ፣ «ሞተር ሞተርን ሲያዝል አይቼ አላውቅም። ለመሆኑ ነጂው የትኛው ነው?» አለኝ። ሰፈሩ ሳቀ። አራት ሰው ሆነን ጫንነው።

ገና ስነሣ መሪው በእጄ ውስጥ ያለ አልመሰለኝም። የፊቱ ጎማ መሬት አይነካም፤ ሲነካም ወደፈለገው ይሄዳል። ኢታንግ ሳልደርስ ፍየሎች መንገድ ገቡብኝ። አሳልፌ ነዳጅ ስሰጥ ፊቱ ወደ ሰማይ ተነሣ። እኔ ወደ ጎን፣ ሞተሩ ወደ ኋላ። እግሬን የጭሱ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ አቃጠለኝ፤ ሌላ የከፋ ነገር የለም። ሰው ተሰበሰበ። አንዲት አሮጊት፣ «የጀልባ ነው?» አሉኝ። «የወፍጮ ነው» አልኳቸው። «እና ወዴት ያፈጥናል?» አሉኝ። በጋሪ አስመለስኩት።

እናቴ እርስዎ ድሮ እስከ ማታር በሞተር ይጭኑ እንደነበር ነገረችኝ። እንዴት ነበር የሚያደርጉት? ይጻፉልኝ።

ሰዓድ


ከማዶ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰዓድ

አላህ ላተረፈህ ምስጋና ይድረሰው። መውደቅህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ። ቁስልህን በንጹሕ ውኃ እጠበው፤ የጥርስ ሳሙና አትቀባበት።

ስሕተቱ የዲዩ አይደለም። መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጭነው። ከኋላው ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት የፊቱን ጎማ ያነሣል። የፊቱ ጎማ ካልከበደ ደግሞ መሪ የለህም። ያን ረጅም ፖርቶመጋላ አስቆርጠው። ጭነቱ ከጀርባህ ተጣብቆ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከወገብህ በላይ ከባድ ነገር አይውጣ።

ሞተሩን ፈታታው፤ ባንድ ጉዞ አይሆንም። ክቡን ብረት፣ ቮላኖውን፣ አውጣው። ከላይ የተገጠመውን ክዳን፣ ቴስታታውንም፣ አውጣ። ሁለቱ አንድ ጉዞ ናቸው፤ ገላው ሌላ ጉዞ ነው። አያትህ አህያ ሲጭኑ አላየህም፤ አንተ ጋምቤላ ነው የተወለድከው። አህያ ግራና ቀኟ እኩል ካልሆነ አትሄድም። ባንዱ ወገን የሚጭኑት ሲያጡ ድንጋይ ያደርጉበታል። ቮላኖው በቀኝ ከሆነ በግራ የዚያኑ ያህል አሸዋ በጆንያ ሙላና እሰር። አሸዋ ተሸክሞ ይዞራል ብለው ይሳቁ።

ናይሎን ገመድ አትመን፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል። የአሮጌ ጎማ ላስቲክ በቀጭኑ ሰንጥቀህ ወጥረህ እሰርበት። አስረህ ስትጨርስ ጭነቱን ይዘህ ነቅንቅ። ሞተሩ አብሮት ከተነቃነቀ ታስሯል። ጭነቱ ለብቻው ከተነቃነቀ ገና ነው። ትንሽ እንደሄድክ ውረድና እንደገና አጥብቅ፤ መጀመሪያ ያሰርከው ሁልጊዜ ይላላል። የኋላውን ጎማ አየር ጨምርበት። ላስቲኩም ጆንያውም ማርሚታውን አይንካ። ገላውን ከመጫንህ በፊት ዘይቱን አንጠፍጥፈህ አፍስስ፤ ጎማህ ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ ፍሬን ብትይዝ የለም። አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አትንካ። አሸዋውን አትይ፤ ልትደርስበት የምትፈልገውን እይ። ከላሬ ወዲያ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ አለ። ሲደክምህ ቁም። «ትንሽ ቀረኝ» የሚል ነው የሚወድቀው።

እኔ በበኩሌ የወፍጮውን መሠረት በሲሚንቶ አስበጅቻለሁ። አራት ቡሎን ቆሞ ይጠብቃል። ሴቶቹ በዚያ ሲያልፉ፣ «ሞተር መቼ?» ይሉኛል። ሹሙም መጥቶ ሲሚንቶውን በጫማው ነካ አድርጎ ሄዷል።

ልጄ ትናንት ከአጎቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ፈይዛ ብዬ ስጠራት ዝም አለችኝ። ጨዋታ ይዛ ይሆናል።

ፈረጅ


ጋምቤላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እግሬ ድኗል። እናቴ ፈይዛ ትልቅ መሆን አለመሆኗን ጻፍልኝ በለው ትላለች፤ ጫማ ልትልክላት ፈልጋ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ሆነ! ቮላኖውን በቀኝ፣ አሸዋውን በግራ፣ ቴስታታውን ከጀርባዬ አስሬ ማታር ገባሁ። እንዳሉት ሁለት ጊዜ ወርጄ አጠበቅኩ። ላሬ ላይ ዳቦ የበላሁበት ቤት ሰውዬው ጆንያውን ነካክቶ፣ «ጤፍ ነው?» አለኝ። «አሸዋ» አልኩት። «ማታር አሸዋ አለቀ?» አለ። ብረቶቹን ኳች ግቢ አስቀምጫለሁ፤ ኳች ራሱ ነው ያወረዳቸው።

ሁለተኛው ጉዞ ግን አልሆነም። ገላውን ጭኜ፣ ዘይቱን አፍስሼ፣ ላስቲኩን ወጥሬ በሰላም እየሄድኩ ኬላ ላይ አስቆሙኝ።

«ምንድን ነው?» አለኝ አንዱ።

«ሞተር።»

«ሞተሩንማ እያየሁት ነው። ላዩ ላይ ያለው?»

«እሱም ሞተር።»

ከቀበሌ ያጻፍኩትን ወረቀት ሰጠሁት። አነበበና፣ «አንድ ሞተር ይዞ እንዲያልፍ ይላል። ሁለት ነው የያዝከው። የተፈቀደው የትኛው ነው?» አለኝ።

«የተጫነው።»

«እንግዲያው የምትነዳውን እዚህ ተውና የተጫነውን ነድተህ እለፍ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስቄ ሳበቃ፣ «ተመለስ» አለኝ። መለስኩት።

አዲስ ወረቀት አጽፌያለሁ፤ «አንድ የወፍጮ ሞተር» ይላል። በዚያው ሰሞን ግን ከላሬ ወደ ማታር የተነሡ ሁለት ሞተረኞች ሳይደርሱ ቀሩ። የአንደኛው ሞተር ሣር ውስጥ ተገኘ። እነሱ አልተገኙም። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ገበያው በር ላይ አብረን ተራ እንጠብቅ ነበር። አሁን በዚያ በኩል የሚሄድ የለም። እናቴ ቁልፌን ወስዳ ጡቷ መካከል ከታዋለች።

ገላው በረንዳ ላይ ነው። ደመናው መምጣት ጀምሯል። ሂድ ካሉኝ ቁልፉን እለምናታለሁ። ምን ይሉኛል?

ሰዓድ


ከማዶ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰዓድ ልጄ

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእናትህ። ኳች ጀልባው ላይ ሆኖ እየጠራኝ ነው የምጽፈው።

ስለጠፉት ልጆች አነበብኩ። አንተን እዚያ መንገድ ላይ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ሞተሩ ይቅር። ብረት ነው፣ ይተካል፤ ሰው አይተካም። የኳች ዘመድ በዚህ ወር መጨረሻ ባሮ ዳር ጀልባ ይዞ ይመጣል፤ በእሱ ና። አንተው ራስህ ና፤ እዚህ የሚረዳኝ ሰው የለም።

ሹሙ ትናንት ጠየቀኝ። «እየመጣ ነው» አልኩት።

ዝናቡን ቅደም።

ፈረጅ


ማታር፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለፈረጅ

አሰላሙ ዓለይኩም። አልሐምዱሊላህ፣ ማታር ገብቻለሁ። ውኃው ገና ቀጭን ስለሆነ ጀልባዋ አሸዋ ላይ እየተቀመጠች ብዙ ቦታ ወርደን ገፋናት። አንድ ሰውዬ በግ ይዞ ነበር፤ ወርደን ስንገፋ በጉ ብቻውን ቁጭ ብሎ ያየን ነበር።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ደጋግሜ አነበብኩላት። «ሞተሩ ይቅር» የሚለው ጋ ስደርስ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ወንድሜ ነው። ብረቱን ትቶ አንተን መረጠ» አለች። ቁልፌንም መለሰችልኝ።

እኔም የወፍጮውን ነገር እንደተዉት፣ ኛሬአትንና ልጅዎን ይዘው ለመውጣት የሚያግዝዎ ሰው እንደፈለጉ ገባኝ። ለሹሙ «እየመጣ ነው» ያሉትም እኔን ነው ብዬ አሰብኩ። የሞተሩን ገላ ዲዩ ቤት ላገኘኋቸው የዲማ ወርቅ ቆፋሪዎች ሰጠኋቸው፤ ከጉድጓድ ውኃ ሊስቡበት በመኪና ወስደውታል። በምትኩ ለመንገድ የሚሆነንን ገንዘብ፣ የወባ መድኃኒትና ለፈይዛ ጫማ ይዣለሁ። እናቴ ቁመቷን ስላላወቀች ሰፋ ያለ ግዛ ብላኛለች። የምነዳውን ሞተር ሸራ አልብሼ ቤት ትቼዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ኳችን ወንዙ ዳር አገኘሁት። ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ዕቃዬን አንድ በአንድ አነሣ። የዕቃውን ሸራ ገለጠ፣ መልሶ አለበሰ።

«ሞተር የት?» አለኝ።

«ቀረ። አጎቴ ይቅር ብሎ ጻፈልኝ።»

ወንዙን አየ። ከዚያ፣ «አንተ አሁን አትሻገር። ጻፍ። እኔ እወስዳለሁ» አለኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ምን ሆኖ እንደሆነ አልነገረኝም። ዛሬ ማታርን ትንሽ ነካ አድርጓታል፤ ገና ዝናብ አይባልም።

መቼ ልሻገር?

ሰዓድ


ከማዶ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰዓድ

ሰላም ላንተ ይሁን።

ይቅር ያልኩህ የምትነዳውን ነበር።

የወፍጮውን በጀልባ ጭነህ ና ማለቴ ነው። ኳች ሲመጣ ሞተሩን ተሸክመው ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስዱ ወንዶች ይዤ፣ ሁለት አጣናና ገመድ አዘጋጅቼ ወንዙ ዳር ቆሜ ነበር። ዊዩዋልም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው። ኳች ከጀልባው ወርዶ ወረቀቱን ብቻ ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። «ዛሬ አልመጣም» አልኳቸው። አጣናውን ይዘው ተመለሱ። ዊዩዋል ግን ቆሞ ጠበቀኝ።

አልተቆጣሁህም። ቃሉ የእኔ ነው። እዚህ ሁሉ ነገር ሞተር ነው፤ የጀልባውም፣ የወፍጮውም፣ ባለሁለት ጎማውም። አንዲት ቃል ብጨምር ይበቃ ነበር። ወረቀቱ ቦታ ነበረው፤ አሁን አውጥቼ ላየው አልችልም፣ አንተ ጋ ነው። ግን ቦታ እንደነበረው አውቃለሁ።

እናትህ «ብረቱን ትቶ አንተን መረጠ» ብላለች። እኔ ሁለቱንም ነበር የፈለግኩት።

አትሻገር። ወፍጮ የሌለው ሁለተኛ ሰው ትሆንብኛለህ። ጫማውን ለኳች ስጠውና መንገዱ ሳይዘጋ ተመለስ። እዚህ ከትናንት ጀምሮ ዘንቧል።

ፈረጅ


ጋምቤላ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አላህ ትዕግሥቱን ይስጥዎ። የግንቦቱ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሁለቱ ይድረሱዎት አይድረሱዎት አላውቅም። ኳች ከሰኔ ወዲህ ወደ ጋምቤላ አልመጣም፤ ይህንን እዚህ ባሮ ዳር ላገኘሁት ዓሣ ነጋዴ ሰጥቻለሁ፤ ማታር ድረስ ይሄዳል አሉኝ።

ከማታር እንደተመለስኩ በሞተሬ ዲማ ሄድኩ። የሰጠኋቸውን ሰዎች ለማግኘት ከጉድጓድ ጉድጓድ ዞርኩ። ራቁቱን ጭቃ ውስጥ የቆመ አንድ የጎንደር ልጅ፣ «ሞተር? የማን ሞተር? እዚህ ሞተር ያልጠፋበት ማን አለ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሞተሩን ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኘሁት። ከሌላ ያወጡትን ቮላኖና ቴስታታ ገጥመው ውኃ ስበውበታል። የማቀዝቀዣው ውኃ ማለቁን ያየ የለም፤ ግሎ ገላው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። አለቃቸው፣ «ውሰደው፤ ለእኛ መቀመጫ ነው» አለኝ።

ወሰድኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንዱ በያጅ ይይዘዋል ብዬ ይሆናል። ከጀርባዬ አጣብቄ፣ ዝቅ አድርጌ፣ በላስቲክ ወጥሬ አሰርኩት። ነቀነቅኩት፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ ተነቃነቀ። ትንሽ ሄጄ ወርጄ አጠበቅኩ። እስከ ጋምቤላ ጭቃ ነበር፣ ድንጋይ ነበር፣ ወንዝ ተሻገርኩ። አልወደቀም። ንቅንቅም አላለ።

ዲዩ ዙሪያውን ዞረና በጥፍሩ ስንጥቁን ተከተለው። «ቆንጆ አድርገህ ነው ያሰርከው» አለኝ። መበየጃውን ግን አላነሣም።

አጎቴ፣ እንዴት ነዎት? ሹሙ ምን አለ? ሌላ ሞተር እፈልጋለሁ፤ እስከሚቀጥለው በጋ አገኛለሁ። እናቴ ዝምታዎ አስፈርቷታል። ያንን የግንቦቱን ደብዳቤ አላነበብኩላትም። አንድ መስመር እንኳ ይጻፉልን።

ሰዓድ


ማታር፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰዓድ

ሰላም የማይጎድልበት ጌታ ሰላሙን ያውርድላችሁ። ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ባንድ ቀን ደረሱኝ፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። መጨረሻ የጻፍከውን መጀመሪያ አነበብኩት።

ከላይ እንደምታየው ማታር ነኝ። ሰኔ ላይ አስወጡኝ። የገፋኝ ሰው የለም። ሹሙ እጄን ጨብጦ፣ «ብትፈጭ ኖሮ» አለኝ። ዊዩዋል ሣጥኔን እስከ ጀልባው ተሸከመልኝ። ኛሬአት ሸኘችኝ፤ ልጅቱን ግን አላመጣቻትም። «ለምን?» አልኳት። «ካየችህ ጀልባው ላይ ትወጣለች። ማን ያወርዳታል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ አላወርዳትም ነበር።

ሌላ ሞተር አትፈልግ። የዲማውን ለዲዩ ስጠው፤ ለቁርጥራጭ ይሆነዋል። ማዶ አንድ ሰው በነሐሴ ወፍጮ ተክሏል አሉ። በእኔው ሲሚንቶ ላይ፣ በእኔው አራት ቡሎን። ሴቶቹ እያስፈጩ ነው። ኳች ዓይኑን እየደበቀ ነገረኝ፤ ደስ አይለውም ብሎ ነው መሰለኝ። እኔ ለሴቶቹ ደስ ይለኛል ማለት አልችልም፤ አይለኝም ማለትም አልችልም።

እዚህ ሥራ አላጣሁም። ወደብ ላይ ዕቃ አስራለሁ። ጀልባ ሲጭኑ ይጠሩኛል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ሞተረኞቹ ይመጣሉ። «ሽማግሌው የሚያስረው አይፈታም» ይላሉ። በኳች ግቢ አንድ ጎጆ ሰጥተውኛል።

አሁን መጥቼ ወደ ጋምቤላ ልውሰድዎ እንደምትል አውቃለሁ። አትምጣ። እኔም አልመጣም። ከዚህ ወንዙ ይታያል። ኳች በተሻገረ ቁጥር ወሬ አለ፤ አንዳንዴ በዓይኑ አይቷት ይመጣል። ያለፈው ሰሞን ከልጆች ጋር ውኃ ዳር ስትጫወት አያት። ያደገች ይመስለኛል አለኝ። «ይመስለኛል» ምንድን ነው ብዬ ተቆጣሁት። በሚቀጥለው ደኅና አድርጎ ሊያያት ቃል ገብቶልኛል። ጋምቤላ ከመጣሁ ይህንንም አላገኝም።

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ማታር መሆኔን እናትህ ከሰማች ና ትለኛለች። እሷ አላህን ጠርታ ና ካለችኝ እምቢ ማለት አልችልም፤ በሕይወቴ ብያት አላውቅም። ስለዚህ ስትጠይቅህ ደህና ነው፣ ወፍሯል በላት።

የት ነው ካለችህም፣ ማዶ ነው በላት።

አጎትህ ፈረጅ